የክትባቱ ተራ አማና ነው፤ አማናውን አንብላ



ውድ ወንድሞችና እህቶች! በዚህ በተከበረ የረመዷን ወር ስለ ጾም ትሩፋት ብንጽፍ ይቀለን ነበር። ዛሬ የምንጽፈው ግን አንዳንዶቻችሁን የሚያስቆጣ፣ እኛን ራሳችንን ደግሞ የሚያሳፍር ጉዳይ ነው። እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ከዚያ በኋላ ወቀሳችሁን እንቀበላለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ረመዷን ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት እዚህ ሐዋሳ ካለ አንድ ቢሮ ወደ መስጊዳችን ስልክ ተደወለ። የኮሮና ክትባት የሚወስዱ የ10 ሰዎች ስም ላኩ፣ «የሃይማኖት አባቶች» ብለን እናስገባላችኋለን ተባልን። ኮሚቴው ከዐስር ሶላት በኋላ ተቀመጠ። ብዕሩን የያዝነው እኛ የኢማሙ ረዳቶች ነበርን። ስም ተጠራ፣ እኛም ጻፍን። ኢማሙ ተጻፉ። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ተጻፉ። ለመስጊዱ ምንጣፍ ያስነጠፉ ሁለት ነጋዴዎች ተጻፉ። የአንደኛው ነጋዴ ልጅ «ዱባይ ስለሚመላለስ ካርዱ ያስፈልገዋል» ተብሎ ተጻፈ። የአንድ ኮሚቴ አባል ወንድም ተጻፈ። ሁለት ቦታ ሲቀር «ኡስታዞች፣ እናንተስ? ግቡበት እንጂ!» ተባልን። ዕድሜያችን በሠላሳዎቹ ውስጥ ነው። ስኳር የለብንም፣ ደም ግፊት የለብንም። የገዛ ስማችንን በገዛ እጃችን ጻፍን።

ማታ ከዒሻ በኋላ ሙአዚናችን ጫማቸውን እያጠለቁ «ልጆቼ፣ እኔስ መቼ ይሆን የምጠራው?» አሉን። ዕድሜያቸው ሰባ ደርሷል፤ ከስኳር በሽታ ጋር ብዙ ዓመት ኖረዋል። ሁለት ቀን በራሳቸው እግር ሄደው ተሰልፈው ነበር። ሁለቱንም ቀን «የዛሬው አልቋል፣ ነገ ይምጡ» ተብለው ተመልሰዋል። የእኛ ዝርዝር ግን በጓሮ በር ገብቷል። መልስ አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ ያንን መልስ ለመስጠት የተጻፈ ነው።

እዚያ ወረቀት ላይ ያልተጻፉትን እንቁጠር። ሙአዚኑ የሉም። ጀናዛ የሚያጥቡት ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች የሉም። መቃብር የሚቆፍሩት የሉም። የውዱእ ቦታውንና መጸዳጃውን የሚያጸዱት እናት የሉም። «የሃይማኖት አባቶች» በሚል ስም የሃይማኖቱን ሸክም የተሸከሙትን ሁሉ ትተን፣ ወንበር ላይ የተቀመጥነውን ጻፍን።

ለመሆኑ የምንሻማው ስንት ክትባት ነው? የካቲት 28 ቀን 2013 ኮቫክስ በተባለው ዓለም አቀፍ ጥምረት በኩል፣ ሕንድ አገር የተመረተ 2.2 ሚሊዮን ገደማ የአስትራዜኔካ ክትባት አገራችን ገባ። መጋቢት 4 ቀን አዲስ አበባ በሚገኘው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል መሰጠት ተጀመረ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ መወጋት ስላለበት፣ የመጣው የሚበቃው ለ1.1 ሚሊዮን ሰው ነው። እኛ ደግሞ ከ110 ሚሊዮን በላይ ነን። ከመቶ ሰው አንዱ ብቻ ያገኛል ማለት ነው። ጁሙዓ ቀን መቶ ሰው የቆመበትን ሰፍ አስቡና ከመካከሉ አንዱን ብቻ ምረጡ ብትባሉ ምን ታደርጋላችሁ? በዚያ ላይ ሕንድ በራሷ ወረርሽኝ ስትጨነቅ በዚያው በመጋቢት ወር ወደ ውጭ መላኩን ገታችው። በአገራችን ደግሞ እስከ ሚያዝያ 2013 በምርመራ የተረጋገጠው ታማሚ ከ200 ሺህ፣ ሟቹም ከ3 ሺህ አልፎ ነበር። ስለዚህ በጓሮ በር የወጣች አንዲት ጠብታ፣ ከሌላ ሰው ክንድ የተነጠቀች ጠብታ ናት። ይህን ማጋነን ነው የሚል ካለ ሒሳቡን ደግሞ ይሥራው።

በ2013 በወረቀት ላይ የነበረው ቅደም ተከተል ችግር አልነበረበትም። ጤና ሚኒስቴር መጀመሪያ የጤና ባለሙያዎችን፣ ቀጥሎ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑትን፣ እንዲሁም ከ55 እስከ 64 ሆነው ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውን አስቀድሞ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ቡድንም ክትባቱ ገና ሳይመጣ፣ በመስከረም 2013፣ መመዘኛዎቹን አውጥቶ ነበር። ሕይወት ማዳን፣ ሰውን ሁሉ በእኩል ዓይን ማየት፣ በአገሮች መካከልም በአንድ አገር ውስጥም ፍትሕ መጠበቅ፣ ለሌላው ሲሉ አደጋ ውስጥ ለገቡት ውለታ መመለስ፣ አሠራሩንም በግልጽ ማካሄድ የሚሉ ናቸው። በዚህ ሁሉ ውስጥ «የኮሚቴ አባል ወንድም» የሚል መስመር የለም። «ምንጣፍ ያስነጠፈ» የሚልም የለም።

ነገሩን ብናሳጥረው ሁለት ጥያቄ ነው የሚቀረው። በሽታው ቢይዘው የሚገድለው ማንን ነው? እኛን ወክሎ ወደ በሽታው የሚገባውስ ማን ነው? ከእነዚህ ከሁለቱ ውጭ ያለ ምክንያት ሁሉ፣ ክብርም ይሁን ሀብት ወይም ትውውቅ፣ ለሌላ ነገር ይጥቀም እንጂ ለዚህ ተራ አይሠራም።

ይህን ደግሞ ከውጭ መማር አያስፈልገንም ነበር። መድረሳ የተቀመጠ ደረሳ ሁሉ ያንን የመጠጡን ሐዲስ ያውቀዋል። ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጠጥ ቀረበ። በቀኛቸው አንድ ልጅ፣ በግራቸው ትልልቅ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። ተራው የቀኝ ነው፣ ማለትም የልጁ። ረሱል ለሽማግሌዎቹ ለመስጠት ልጁን አስፈቀዱት፤ ልጁ አልፈቀደም። ሰጡት። ተመልከቱ እንግዲህ! የአላህ መልእክተኛ ክብር እንኳ የአንድን ልጅ ተራ ያለ ፈቃዱ አልሻረም። እኛ ግን የአንድን የሰባ ዓመት ሙአዚን ተራ ሳናስፈቅድ ወስደን ለዱባይ ተመላላሽ ሰጠን።

ሌላም አለ። ለሰዎች ውኃ የሚቀዳ ሰው ራሱ መጨረሻ ላይ እንዲጠጣ ተምረናል። አንዳንዱ ብልጥ «እንዲያ ከሆነ ሐኪሙና ነርሷ ለምን ይቀድማሉ? እነሱም ቀጂዎች አይደሉም?» ይለን ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ውኃ የሚቀዳና ውኃ ሊያወጣ ጉድጓድ የሚወርድ ግን አንድ አይደሉም። ጉድጓድ ለሚወርደው ገመዱ መጀመሪያ ይታሰርለታል፤ እሱ ከሞተ ላይ ያለነው ሁላችን እንጠማለን። ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኛ፣ የአምቡላንስ ሹፌር ወራጆች ናቸው። ኮሚቴና ባለሥልጣን፣ እንዲሁም ዝርዝር ጻፊ፣ ቀጂዎች ነን። የእኛ ተራ መጨረሻ ነው። አገራችን ግን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት አላት። ይህ ተረት ከቢሮ ወጥቶ መስጊዳችን ድረስ እንደገባ ያወቅነው በዚያች በዐስር ሰዓቷ ስብሰባ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው የጀናዛ አጣቢዎች ነገር የሚመጣው፤ ዋናው ጥያቄያችንም ይኸው ነው። ቤተሰብ የገዛ አባቱን ለመንካት የፈራበትን ቀን አይተናል። ያኔ ልብሳቸውን ሰብስበው የገቡት እነዚያ አራቱ ናቸው። ጓንትና ማስክ የሚገዛላቸው አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ሟቹ በምን እንደሞተ ሁልጊዜ አይነገራቸውም። ጉድጓድ ወራጅ ማለት እነሱ ካልሆኑ ማን ነው? ሆኖም በሆስፒታል ደመወዝ መዝገብ ላይ ስለሌሉ የጤና ሠራተኛ አይባሉም። ካባ ስለማይለብሱ ደግሞ እኛም የሃይማኖት አባት አላልናቸውም። ሁለት መዝገብ መካከል ወድቀው ቀሩ።

ከሁለቱ ሴቶች አንዷ የሰፈራችን እማማ ናቸው። መታወቂያቸው 57 ዓመት ይላል፤ የታወቀ በሽታም የለባቸውም። ስለዚህ በወረቀቱ ተራቸው ገና ነው። እሳቸው ግን ሐዋሳ ስትቆረቆር ውኃ የሚቀዱ ልጅ እንደነበሩ ያስታውሳሉ። ከተማችን ከተቆረቆረች 60 ዓመት አልፏታል። እንግዲህ ውኃ ለመሸከም የደረሰች ልጅ ስንት ዓመቷ ነው? ቀሪውን ራሳችሁ ደምሩት። የዕድሜ መታወቂያቸው ላይ የሰፈረው የቀበሌ ጸሐፊ አንድ ቀን በግምት የጻፈው ነው። የልደት ምስክር ወረቀት በማያውቅ አገር 65 የሚለው ቁጥር ብቻውን ቢቆም፣ የሚያገለው ያልተማረውን ሽማግሌ ነው።

አሁን ወደሚነሡብን ክርክሮች እንለፍ።

አንደኛው «ኢማም ቀድሞ ሲወጋ ሕዝቡ አይቶ ይከተላል» የሚለው ነው። እውነት አለው፣ አንክድም። ግን አስተውሉ። ለአርአያነት የሚበቃው አንድ ሰው ነው፣ እሱም በአደባባይ፣ ሰው እያየ። ኢማማችን ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ስለሆነ በዕድሜያቸው ተራ ይገባሉ፤ በጠራራ ፀሐይ ተሰልፈው ቢወጉ ከአንድ ዓመት ኹጥባ በላይ ያስተምራል። አሥር ሰው በጓሮ በር ገብቶ ሲወጣ የሚያስተምረው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ያለው ሰው እንደሚቀድም።

ሁለተኛው «ሽማግሌዎቹ ራሳቸው አይፈልጉም፤ ከሚበላሽ እኛ ብንወስደው ምን አለበት?» የሚለው ነው። የዚህ ክትባት አንድ ብልቃጥ 10 ሰው ይወጋል፤ ከተከፈተ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም። ስለዚህ ማምሻውን የተረፈች ጠብታ መጣል የለባትም፤ በዚህ እንስማማለን። ግን በጤና ጣቢያው አካባቢ የሚኖሩ አረጋውያን ስምና ስልክ አስቀድሞ ቢያዝ፣ ቀን ሳይጨልም ደውሎ መጥራት ምን ይከብዳል? ባጃጅ እንደሆነ በየመንገዱ ቆሟል። ተራፊዋ ለዘመድ የምትደወለው፣ ለሽማግሌ የሚደውል ስላልተመደበ ነው።

ደግሞስ ሽማግሌዎቹ ለምን አልፈለጉም? ማን አስፈራቸው? በየስልካችን የዞረውን ወሬ ማን አስተባበለ? ሚንበሩ ዝም ብሏል። «አሳማ አለበት» ሲባል ዝም አልን። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ የፈትዋ ምክር ቤት ግን በታኅሣሥ ወር፣ ጀላቲን ቢኖርበት እንኳ ሌላ አማራጭ እስከሌለ ድረስ እንደሚፈቀድ ገልጾ ነበር። የኢንዶኔዥያ ዑለሞች ምክር ቤትም አስትራዜኔካ ላይ ጠንከር ያለ አቋም ይዞ፣ ኩባንያው ቢያስተባብልም በምርቱ ሂደት ከአሳማ የተገኘ ነገር ገብቷል ብሎ፣ በዚያው አንደበቱ ግን ለደሩራ ሲባል መጠቀም ይቻላል አለ። ከሁሉ የጠበቀው እንኳ በሩን አልዘጋም ማለት ነው። «ጾም ያስፈታል» ሲባልም ዝም አልን፤ ክንድ ላይ የሚወጋ መርፌ ምግብም መጠጥም ስላልሆነ ጾም እንደማያስፈታ በርካታ ዑለሞች ተናግረዋል። ስለ ደም መርጋትም ብዙ ተወርቷል። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ያለው ነገሩ እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት መሆኑንና ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚበልጥ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅን ዝም ካልን በኋላ «ሽማግሌዎቹ እምቢ አሉ» ማለት፣ በሩን ዘግቶ እንግዳ ቀረ እንደ ማለት ነው። የሚገርመው ደግሞ ክታብ ከአንገታችን አናወልቅም የምንል ሰዎች ክትባት ሲባል መሸሻችን ነው። ሁለቱም ቃላት ከአንድ ሥር፣ ከ«ከተበ» የወጡ ናቸው፤ አንደኛውን አንገት ላይ አንጠልጥለን ከሌላው ክንዳችንን ደበቅን።

ሦስተኛው «ሞት በቀደር ነው፣ ተራ መጨነቅ የኢማን ድክመት ነው» የሚለው ነው። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ የዐምዋስ ወረርሽኝ ሻምን ሲያጠፋ፣ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ሰርግ ከምትባል ቦታ ሠራዊታቸውን ይዘው ተመለሱ። ከቀደር ትሸሻለህን ተብለው ሲጠየቁም፣ መመለሱም ራሱ ቀደር መሆኑን አስረዱ። ከዑመር የበለጠ ኢማን አለኝ የሚል ካለ ይምጣ። ደግሞ አንድ ነገር ታዝበናል፤ ስለ ቀደር አብዝቶ የሚያስተምረን ሰው ወረቀቱ ላይ ስሙ መኖሩን ሁለት ጊዜ ጠይቋል።

አራተኛው ከባዱ ነው። «ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራው ልጅስ? በአንድ ጠባብ ክፍል ከጓደኞቿ ጋር ተጣብቃ የምትኖረው፣ በሰርቪስ ተጨናንቃ የምትሄደው? መናኸሪያ የሚውለው ረዳትስ? አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጠውስ? ከሽማግሌው ይልቅ የሚጋለጡት እነሱ አይደሉም?» ይህን የሚጠይቅ ሰው ለራሱ አልጠየቀም፤ ስለዚህ በአክብሮት እንመልሳለን። አዎ፣ ይጋለጣሉ። ክትባቱ ለሃያና ለሠላሳ በመቶ የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ክርክሩን እንቀበለው ነበር። ግን በሚያዝያ 2013 በእጃችን የነበረው ከመቶ ለአንድ ነበር። በአንድ ከመቶ የበሽታውን መዛመት ማቆም አይቻልም፤ የሚቻለው ሞትን መቀነስ ነው። በሽታው ደግሞ አብዝቶ የሚገድለው አዛውንቱንና ሕመምተኛውን ነው። የልጅቱ ሕይወት ከሽማግሌው ያንሳል ማለታችን አይደለም። ሁለቱም ወንዝ ውስጥ ቢወድቁ መጀመሪያ ገመድ የሚወረወረው መዋኘት ለማይችለው ነው። ልጅቱን ግን «ጠብቂ» የማለት መብት ያለን፣ እኛ ራሳችን ከጠበቅን ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት የሞላን ጤነኞች በጓሮ ገብተን ከወጣን በኋላ በምን አፋችን ትዕግሥት እናስተምራታለን?

አምስተኛው ደግሞ ዓለምን የሚጠቅሰው ነው። «ሀብታሞቹ አገሮች ሁሉን ጠራርገው ወስደው የለ? ፍትሕ የት አለና እኛ እንጨነቃለን?» ይላል። መጥራረጋቸው እውነት ነው። ጥር 10 ቀን 2013 የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም የተናገሩት ቁጥር አይረሳንም፤ በ49 ሀብታም አገሮች ከ39 ሚሊዮን በላይ ክትባት ሲሰጥ፣ በአንድ ድሃ አገር 25 ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ሃያ አምስት ሚሊዮን አይደለም፤ ሃያ አምስት ክንድ ነው። ይህ ዙልም ነው፣ ስሙም ሌላ የለውም። ነገር ግን ትልቅ ዙልም ትንሹን ሐላል አያደርግም። እነሱ በእኛ ላይ ያደረጉትን እኛ በሙአዚናችን ላይ ካደረግነው፣ በእነሱ ላይ የምናነሣው ጣት ወደ ራሳችን ይዞራል።

ተራን ማክበር ጥቅም የለውም የሚል ካለ የፈንጣጣን ታሪክ እናስታውሰው። ፈንጣጣን ከአገራችን ያጠፋው ሁሉን ሰው በአንድ ጊዜ መክተብ አልነበረም። በሽተኛው ያለበትን መንደር ፈልጎ፣ በዙሪያው ያሉትን አስቀድሞ መክተብ ነበር። በዚህ መንገድ ነው በ1968 መጨረሻ ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው። በዓለም በተፈጥሮ መንገድ የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ ደግሞ በጥቅምት 1970 ጎረቤታችን ሶማሊያ፣ መርካ ከተማ የተገኘው ዓሊ ማኦ ማሊን ነው። ሆስፒታል ውስጥ ወጥ ሠሪ ነበር። በሥራው ምክንያት ተራው የቀደመ ሰው ነበር፤ መርፌው ያማል ብሎ ፈርቶ ሸሸ። አላህ አዳነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን የፖሊዮ ክትባት ሲቀሰቅስ፣ የራሱን ስሕተት ለእናቶች ሲናገር ኖሮ፣ በ2005 በዚያው ሥራ ላይ እያለ በወባ ሞተ፤ አላህ ይዘንለት። ከእሱ ሁለት ነገር እንማራለን። ተራው የደረሰው ሰው አይሽሽ። የተሳሳተም ሰው ስሕተቱን በአደባባይ ይናገር። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ሁለተኛውን ለመፈጸም ነው።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው።

ለመስጊድ ኮሚቴዎች፦ የላካችሁትን ዝርዝር መልሳችሁ አምጡ። በዕድሜና በሕመም ተራቸው የደረሰውን ብቻ አስቀሩ። በቀረው ቦታ ጀናዛ አጣቢዎችንና መቃብር ቆፋሪዎችን ጻፉ። ስማቸውን ማንም ሳይጠይቃችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሰው በሞተ ሌሊት የምትደውሉት ለእነሱ ነውና።

ለጤና ኃላፊዎች፦ ቅደም ተከተሉንና በየቀኑ ስንት ተሰጥቶ ስንት እንደተረፈ በየጤና ጣቢያው በር ላይ ለጥፉ። የሰው ስም አንጠይቅም፣ ቁጥሩ ይበቃናል። ዕድሜውን ለማያውቅ ሽማግሌ የዕድርና የሰፈር ምስክር ተቀበሉ። አስከሬን የሚያጥቡትንና የሚገንዙትን፣ የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም፣ ከጤና ሠራተኛ ጎን ቁጠሯቸው። በረመዷን ደግሞ ከመግሪብ በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ክፈቱ፤ ልቡ የሚጠራጠር ሽማግሌ አፍጥሮ ይመጣል።

ለእናንተ ለአንባቢዎች፦ ቤታችሁ ያለውን አባትና እናት ይዛችሁ ሂዱ። ወንበር ይዛችሁላቸው ተሰለፉ። ለራሳችሁ «ሰው አለኝ» ብላችሁ ስልክ ከመደወላችሁ በፊት፣ ያቺ ጠብታ ከማን ክንድ እንደምትመጣ አንድ ጊዜ አስቡ።

እኛ ስማችንን ሰርዘናል። በሁለቱ ቦታ እማማንና አንዱን አጣቢ አባት ጽፈናል። ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች ተቆጥተውናል፤ አንዱ ደግሞ ማታ መጥቶ በዝምታ የወንድሙን ስም ሰርዟል። አላህ ይውደደው። ሙአዚናችን ገና አልተወጉም። ዛሬም ለሱብሒ የቀሰቀሰን የእሳቸው ድምፅ ነው።

ከተሳሳትን ከራሳችን ነው፤ ትክክል የሆነውም ከአላህ ነው። ወላሁ አዕለም።

ሐዋሳ፣ ረመዷን 1442 / ሚያዝያ 2013